ድምፅ ዕቃ ያነሳል ወይ? ከአዘዞ ለመጣ ጥያቄ

ጠያቂዋ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነች፣ ከአዘዞ። ጥያቄዋ ባጭሩ ይሄ ነው፦ «ጋሼ፣ አንዲት ትንሽ ነጭ ኳስ ምንም ሳይይዛት አየር ላይ ቆማ የሚያሳይ ቪዲዮ አየሁ። በድምፅ ነው ይላሉ። አጎቴ ደግሞ የፋሲል ግንብ ድንጋዮችም በዚሁ መንገድ ነው የተነሱት የሚል ሌላ ቪዲዮ ላከልኝ። የቱ ነው እውነቱ? እውነት ከሆነስ ለሳይንስ ክበባችን እዚሁ ጎንደር ልሠራው እችላለሁ?»

እህቴ፣ ኳሷ እውነት ናት። ድንጋዩ ውሸት ነው። መሥራቱንም ትችያለሽ። እኔ የሕክምና መሣሪያ ጠጋኝ ነኝ፤ አልትራሳውንድ ስፈታና ስገጥም ነው የምውለው፣ ስለዚህ ጥያቄሽ ከሥራዬ ብዙ አይርቅም። ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ፣ ምክንያቱም «ይቻላል» ብሎ መልስ ሰጥቶ ለምን እንደሚቻል አለመንገር አጎትሽን አያሸንፍልሽም።

መጀመሪያ አንድ ነገር ከአእምሮሽ አውጪ። ኳሷን ከሥር የሚነፋት ነፋስ የለም። ድምፅ ማለት የአየር ግፊት ከፍ ዝቅ ማለት ነው። አየሩ ባለበት ይወዛወዛል እንጂ ከአንድ ቦታ ተነስቶ ሌላ ቦታ አይሄድም። ታዲያ ወዲያና ወዲህ ብቻ የሚል ነገር እንዴት ዕቃ ይገፋል? አንዴ ወደ ላይ ከገፋ አንዴ ወደ ታች ይስባል፣ ድምሩ ዜሮ መሆን ነበረበት። ደካማ ድምፅ ከሆነ በእርግጥም ዜሮ ነው ቢባል ያስኬዳል። ድምፁ በጣም ሲበረታ ግን የመግፋቱና የመሳቡ ሂሳብ እኩል አይወጣም፣ በእያንዳንዱ ዙር ጥቂት ትርፍ ይቀራል። ያቺ ትርፍ በሰከንድ 40,000 ጊዜ ስትደጋገም ዕቃውን ሳታቋርጥ ወደ አንድ አቅጣጫ የምትገፋ ኃይል ትሆናለች። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህች ትርፍ ላይ ነው።

አሁን ሁለት ድምፅ ማጉያዎች ፊት ለፊት አስቀምጪ፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች። ከሁለቱም አንድ ዓይነት ድምፅ ይውጣ። ሞገዶቹ መሃል ላይ ይገናኙና ቋሚ ሞገድ የሚባለውን ይፈጥራሉ። አንዳንድ ቦታ ላይ ግፊቱ ክፉኛ ይናወጣል፣ አንዳንድ ቦታ ላይ ደግሞ ከሞላ ጎደል አይነቃነቅም። ያ ጸጥ ያለው ቦታ አንጓ ይባላል። ከአየር የከበደ ትንሽ ነገር በዚያ መሃል ከገባ፣ ያቺ ትርፍ ኃይል ከሚናወጠው ቦታ እየገፋች ወደ አንጓው ታስጠጋዋለች። ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ የተጣለች ብይ የትም ብትገፊያት ተንከባላ መሃል ላይ እንደምትቆመው ማለት ነው። የመሬት ስበት ስላለ ኳሷ ትክክል አንጓው ላይ አትቀመጥም፣ ከሥሩ ትንሽ ዝቅ ትላለች። በጎን በኩል ያለው መያዣ ደግሞ ከላይና ከታች ካለው ይደክማል፤ ስለዚህ ስትወድቅ ብዙ ጊዜ በጎን ሾልካ ነው።

በአንጓዎቹ መካከል ያለው ርቀት የሞገዱ ርዝመት ግማሽ ነው። ይሄን አጥብቀሽ ያዢ፣ የድንጋዩንም ጉዳይ የሚጨርስልን እሱ ነው። ድምፅ 20 ዲግሪ ሙቀት ባለው አየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይሄዳል። በሰከንድ 40,000 ጊዜ የሚርገበገብ፣ ማለትም 40 ኪሎኸርዝ ድምፅ፣ የሞገድ ርዝመቱ 8.6 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። ግማሹ 4.3 ሚሊሜትር ነው። ስለዚህ እንዲህ ባለው መሣሪያ የሚያዘው ዕቃ ከ4 ሚሊሜትር ብዙም አይበልጥም። የሰው ጆሮ ቢበዛ እስከ 20 ኪሎኸርዝ ነው የሚሰማው፤ ቪዲዮው ላይ ምንም ድምፅ ያልሰማሽው ለዚህ ነው። አስመሳይ ቪዲዮ ነው ብለሽ የጠረጠርሽውም በዚህ ይመስለኛል።

ሰው ሁሉ የሚስተው አንድ ነገር አለ። ዕቃው ትንሽ እስከሆነ ድረስ ወሳኙ ክብደቱ አይደለም፣ እፍጋቱ ነው፣ ማለትም በመጠኑ ልክ ምን ያህል እንደሚከብድ። ዕቃው በእጥፍ ሲተልቅ ክብደቱ ይጨምራል፣ ድምፁ የሚገፋበት ኃይልም በዚያው ልክ ይጨምራል፣ ሁለቱ ይጣፋሉ። ግማሽ ሚሊሜትር የሆነችውን ፎም ያነሳ መሣሪያ 2 ሚሊሜትር የሆነችውንም ያነሳል። ፎምን ያነሳ መሣሪያ ግን ውሃን ላያነሳ ይችላል፣ ጠብታዋ የቱንም ያህል ብታንስ። የእርሳስ ብናኝ ደግሞ ይብሳል።

እንዲያም ሆኖ እፍጋት ራሱ የማይሻገሩት አጥር አይደለም። ጉልበት ከጨመርሽ ይታለፋል። እ.ኤ.አ. በ2002 ቻይናውያን ተመራማሪዎች ኢሪዲየም የሚባለውን ብረትና ፈሳሽ ሜርኩሪ በድምፅ አንሳፈዋል። ኢሪዲየም ከውሃ 22 ጊዜ በላይ የሚከብድ ብረት ነው፣ ከወርቅም ይብሳል። ይበልጥ የሚያስቸግረው አጥር ስፋት ነው። ዕቃው ከሞገዱ ግማሽ ሲበልጥ አንዱ ጎኑ ሲገፋ ሌላው ጎኑ ይሳባል፣ እርስ በርሱ ይጣላል። ይሄንንም ቢሆን በዘዴ የዘለሉት አሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 ሦስት 25 ኪሎኸርዝ ማጉያዎች ተጠቅመው 5 ሴንቲሜትር የሆነች ፎም ኳስ አንሳፈዋል፣ ክብደቷ አንድ ግራም ተኩል ገደማ። በ2018 ደግሞ የብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ሞገዱን እንደ አዙሪት እያሽከረከሩ፣ አዙሪቱንም ቶሎ ቶሎ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየቀያየሩ፣ 2 ሴንቲሜትር የሆነች ኳስ ያዙ። ልብ በይ፣ እነዚህ ሁለት ትልልቅ ኳሶች ፎም ናቸው፣ ውስጣቸው አብዛኛው አየር ነው። በእነዚህ ሙከራዎች ትልቅ የተባለው ኳስ ከቡና ሲኒ አይበልጥም።

እሺ፣ አሁን ወደ ግንቡ እንሂድ። ይሄን ጉዳይ በስሜት ሳይሆን በሂሳብ እንየው።

ግማሽ ሜትር ውፍረት ያለው ጥቁር ድንጋይ እንውሰድ። ካሬ ሜትሩ ወደ 1,400 ኪሎ ይመዝናል። 160 ዴሲቤል (ዴሲቤል የድምፅ ብርታት መለኪያ ነው) የሆነ ድምፅ፣ ማለትም ጥሩ ማንሳፈፊያ መሣሪያ ውስጥ የሚገኘው ዓይነት ኃይለኛ ድምፅ፣ ሂሳቡ ሲሠራ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 3 ኪሎ ገደማ ነው የሚሸከመው። 1,400ን ለመሸከም ከ400 ጊዜ በላይ ኃይል መጨመር አለብሽ። በየ10 ዴሲቤሉ ኃይሉ 10 እጥፍ ስለሚያድግ 190 አካባቢ ትደርሻለሽ። አየር መሸከም የሚችለው ንጹህ ድምፅ ጣሪያው በባሕር ወለል ደረጃ 194 ዴሲቤል ነው፣ ጎንደር ላይ ደግሞ አየሩ ስለሳሳ ከዚያም ያንሳል። ከዚያ በላይ ድምፅ አይባልም፣ ፍንዳታ ነው። በዚያ ላይ የስፋቱ ሕግ አለ። ግማሽ ሜትር ለሆነ ድንጋይ ሞገዱ ቢያንስ 1 ሜትር መሆን አለበት፤ ይሄ ደግሞ ከ340 ኸርዝ በታች ማለት ነው፣ ማንም የሚሰማው ወፍራም ድምፅ። እንግዲህ በአፄ ፋሲል ዘመን በ190 ዴሲቤል የሚያጓራ ነገር ቢኖር ኖሮ ግንበኛው ድንጋዩን ከማስቀመጡ በፊት ሳንባው ይፈነዳ ነበር። ከተማዋም አትተርፍም።

ይሄ ሁሉ ሂሳብ ባይኖርም ግን ግንቡ ራሱ መልስ ይሰጥሻል። አንድ ቅዳሜ ገብተሽ ግድግዳውን ቀረብ ብለሽ እይው። ብዙው ድንጋይ ሰው ተሸክሞት የሚወጣው መጠን ነው፣ በኖራ የተያያዘ። በሰው ትከሻ የሚወጣን ድንጋይ በድምፅ ማንሳት ምን አስፈለገ? እኔን የሚያናድደኝ ደግሞ ይሄ ነው። ድንጋዩን የጠረቡት፣ ኖራውን ያቃጠሉት፣ የተሸከሙት ሰዎች ነበሩ፤ ሥራቸውን ወስዶ ለማይታይ ኃይል መስጠት አድናቆት አይመስለኝም። ስለ ላሊበላም እንዲሁ ይባላል። ላሊበላ ላይ ደግሞ ጭራሽ የተነሳ ነገር የለም፣ ከላይ ወደ ታች ከአለቱ ተፈልፍሎ ነው የወጣው። አጎትሽን በአክብሮት ንገሪያቸው እንግዲህ፤ ቪዲዮ የላኩልሽ ስለሚያስቡልሽ ነው።

ጥቅሙስ? ጨዋታ ብቻ እንዳይመስልሽ። አሜሪካ የሚገኘው የአርጎን ብሔራዊ ላብራቶሪ የመድኃኒት ጠብታዎችን በድምፅ አንጠልጥሎ አጥንቷል፤ የተጠቀመበት መሣሪያ መጀመሪያ ለናሳ የተሠራ ነው። ጠብታዋ ዕቃ ስትነካ ወደ ክሪስታል መለወጥ ትጀምራለች፣ ክሪስታል የሆነ መድኃኒት ደግሞ ብዙ ጊዜ ሰውነት ውስጥ በቀላሉ አይሟሟም። አየር ላይ ከዋለች የምትነካው ግድግዳ የላትም። በ2019 ደግሞ የሰሴክስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከላይ 256፣ ከታች 256 ትንንሽ ማጉያ ደርድረው አንዲት የፎም ፍሬ በከፍተኛ ፍጥነት አየር ላይ አመላለሷት፣ ብርሃን ሲያበሩባት ዓይን መንገዷን እንደ ሥዕል ያየዋል።

ለእኔ ሙያ የሚቀርበው የሰውነት ውስጡ ነው። የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2020 ባወጡት ሥራ 3 ሚሊሜትር የሆኑ የመስታወት ኳሶችን በሕይወት ባሉ አሳማዎች የሽንት ፊኛ ውስጥ፣ ከውጭ ሆነው በአልትራሳውንድ ይዘው በፈለጉት መንገድ አንቀሳቅሰዋል። ሐሳቡ የኩላሊት ጠጠርን ያለ ቢላ ከተወሸቀበት ቦታ መግፋት ነው። ለምርመራ የምንጠቀምበት አልትራሳውንድ ግን ሌላ ነው፤ ከ2 እስከ 15 ሜጋኸርዝ ነው፣ በአጭር በአጭሩ ተቆራርጦ የሚላክ፣ ሥራው ማዳመጥ ነው እንጂ መግፋት አይደለም። ነፍሰ ጡር እናት ፅንሱን ያንሳፍፈዋል ወይ ብላ ብትጠይቅሽ፣ አያንሳፍፈውም በያት። ሆድ ላይ ያ ቀዝቃዛ ጄል የሚቀባውም አየርን ለማስወጣት ነው፤ ድምፅ ከአየር ወደ ሥጋ ሲሻገር ከሞላ ጎደል ሁሉም ተመልሶ ይነጥራል። አየር ላይ ያለችውን ፎም የሚያንጠለጥላትም ይኸው መንጠር ነው።

አሁን ወደ ሥራው። በዓለም ዙሪያ ተማሪዎች የሚሠሩት ንድፍ ታይኒሌቭ ይባላል። አሲየር ማርሶና ባልደረቦቹ ብሪስቶል ውስጥ ሠርተው በ2017 ለሁሉም ክፍት አድርገው አወጡት። 72 ትንንሽ ማጉያዎች አሉት፣ ትራንስዱሰር ነው የሚባሉት። 36ቱ ከላይ፣ 36ቱ ከታች፣ በሁለት ጎድጓዳ ፕላስቲክ ላይ ተደርድረው ሁሉም ወደ መሃል ያያሉ። የውሃ ጠብታም ጉንዳንም ይይዛል፤ እስከ ውሃ 2.2 እጥፍ እፍጋት ድረስ። ጤፍም ሰሊጥም በዚህ ውስጥ ናቸው፣ ስለዚህ የመተማ ሰሊጥ አየር ላይ ቆሞ ማሳየት ትችያለሽ፣ እኔ ብሆን ከፎም ይልቅ እሱን ነበር የማሳየው።

ግን በእሱ አትጀምሪ። 72 ትራንስዱሰር መደርደር፣ የሁሉንም እግር አንድ በአንድ አዛምዶ ሶልደር ማድረግ ጊዜ ይበላል፤ ጎድጓዳውም በሦስት አቅጣጫ (3D) ማተሚያ ነው የሚወጣው። መጀመሪያ ባለ ሁለቱን ሥሪ።

ርቀት የሚለካ ኤችሲ-ኤስአር04 የሚባል ሴንሰር ታውቂያለሽ፣ ሮቦት የሚሠሩ ልጆች ሮቦታቸው ላይ የሚገጥሙት፣ ሁለት ክብ ዓይን ያለው። ከዓይኖቹ አንዱ ላኪ ነው፣ ቲ የሚል ፊደል ተጽፎበታል። 40 ኪሎኸርዝ ነው የሚሠራው። ከሁለት ሴንሰር ሁለት ላኪ ትፈቻለሽ። ከመኪና ፓርኪንግ ሴንሰር ግን አትፍቺ፣ እሱ ውሃ እንዳይገባው የታሸገ ሌላ ዓይነት ነው። ከዚያ አንድ አርዱይኖ ናኖ (ከኮምፒውተር ትዕዛዝ የሚጫንበት ትንሽ ሰሌዳ)፣ አንድ ኤል298ኤን የሚባል የሞተር ማዘዣ ቦርድ፣ 12 ቮልት አዳፕተር። የዋይፋይ ራውተር አዳፕተር 12 ቮልት ከሆነ ይበቃሻል፣ ጀርባው ላይ ተጽፏል አንብቢው። 12 ቮልቱን ለሞተር ቦርዱ ነው የምትሰጪው፣ አርዱይኖው 5 ቮልት የሚል እግር ላይ ከሰካሽው ያን ቀን ተሰናበቺው።

አርዱይኖው 40 ኪሎኸርዝ አራት ማዕዘን ምልክት ያወጣል። ሁለት እግር ላይ ተቃራኒ አድርገሽ አውጪ፣ አንዱ ከፍ ሲል ሌላው ዝቅ እንዲል፤ ያኔ ትራንስዱሰሩ የቮልቱን ሙሉ መወዛወዝ ያገኛል። በአንድ እግር ብቻ ከነዳሽው ግማሹን ታጫለሽ። ይሄን በተራ የመጠበቂያ ትዕዛዝ ሳይሆን አርዱይኖው ውስጥ ባለው ታይመር (ሰዓት ቆጣሪ) ሥሪው፣ ድግግሞሹ ከ40 ፈቀቅ ካለ ትራንስዱሰሩ ይደክማል፣ የሚጮኸው በዚያች ጠባብ ቦታ ብቻ ነው። አራት ማዕዘን ምልክት መሆኑ አያሳስብሽ። ከትራንስዱሰሩ ሲወጣ ለስላሳ ሞገድ ሆኖ ነው፣ የቀረውን እሱ ራሱ ያጣራዋል።

ሁለቱን ፊት ለፊት አቁሚ፣ በ3 ሴንቲሜትር አካባቢ፣ በጣም ቀጥ ብለው እንዲተያዩ። የላይኛው ከፍ ዝቅ እንዲል የሚንሸራተት መያዣ ሥሪለት፣ ምክንያቱም አብዛኛው ሥራሽ ርቀቱን በትንሽ በትንሹ እየነካኩ ማስተካከል ነው። ቴሌቪዥን የሚታሸግበትን ነጭ ፎም ፈትፍተሽ 1 ወይም 2 ሚሊሜትር የሆነች ፍሬ ምረጪ። በበጋ የጎንደር አየር ደረቅ ነው፣ ፎሟ በኤሌክትሪክ ተሞልታ ጣት ላይ አልላቀቅ ትላለች፤ በጣትሽ ለማስገባት አትታገይ። የሻይ ማጥለያ ወይም ቀጭን የሽቦ ወንፊት ላይ አድርገሽ መሃል አስገቢያት፣ ድምፁ በቀዳዳው ያልፋል፣ ከዚያ ወንፊቱን ቀስ አድርገሽ ወደ ታች ስትስቢ ፎሟ ትቀራለች። ካልቀረች ርቀቱን ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ቀይሪና ድገሚ።

ኳሷን ለማንቀሳቀስ ምንም መግፋት አያስፈልግም። ሁለቱን ምልክቶች ትንሽ አዛንፊያቸው፣ የላይኛው ከታችኛው ትንሽ እንዲዘገይ። አንጓዎቹ አብረው ይንሸራተታሉ፣ ፎሟም ተከትላ ትሄዳለች። አንድ ሙሉ ዙር ስታዛንፊ 4.3 ሚሊሜትር ትጓዛለች። ዳኞች የሚደነቁት እዚህ ጋ ነው፣ ቁልፍ ተጭነሽ ከፍ ዝቅ ስታደርጊያት።

ለጆሮሽ ደግሞ ተጠንቀቂ። ባይሰማሽም ድምፅ ነው፣ በጆሮሽ ቀርበሽ አትመልከቺ፣ ስትጨርሺ አጥፊው። ትራንስዱሰሩም ይግላል። ውሻ እስከ 45 ኪሎኸርዝ ገደማ ይሰማል፣ ድመት ከዚያም በላይ። ጊቢያችሁ ውስጥ ውሻ ካለ ሊነጫነጭ ይችላል።

ከፍታውስ ለውጥ ያመጣል ወይ ብለሽ ካሰብሽ፣ ያመጣል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ነች፣ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው ከአምስት አንድ እጅ በላይ ይሳሳል። ትራንስዱሰሩ ያው ነው የሚወዛወዘው፣ ግን የሚገፋው አየር ሲሳሳ የማንሳት ኃይሉም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ለፎም ምንም አይደል። ወደ ውሃ ጠብታ ስትሸጋገሪ ግን ሌላ አገር ሰው በ10 ቮልት ያነሳውን አንቺ ትንሽ ጨምረሽ ይሆናል፤ መሣሪያዬ ተበላሸ ብለሽ አትደንግጪ። ቮልቱን ግን አታብዢው፣ ውሃዋ እንደ ድፎ ጠፍጣፋ ትሆንና ትበተናለች።

ለክበቡ ማቅረቢያ የምመክርሽ አንድ ልኬት አለ። ሁለት ወይም ሦስት ፎም በተለያዩ አንጓዎች ላይ አንጠልጥዪ፣ ከጎናቸው ማስመሪያ አቁመሽ በስልክ ፎቶ አንሺ። በፎሞቹ መካከል ያለውን ርቀት ለክፍተቶቹ ቁጥር አካፍዪ፣ ባዶ የቀሩትን አንጓዎች ሳትረሺ። የወጣውን በ2 አባዢ፣ ከዚያ በ40,000። 4.3 ሚሊሜትር ካገኘሽ 344 ሜትር በሰከንድ ይወጣልሻል፣ የድምፅን ፍጥነት በገዛ እጅሽ ለካሽ ማለት ነው። አንዱ ዳኛ «ጎንደር ከፍታ ላይ ስለሆነች ድምፅ አይዘገይም ወይ?» ብሎ ሊፈትንሽ ይችላል። አይዘገይም በይው። አየሩ ሲሳሳ ግፊቱም እፍጋቱም አብረው ስለሚወርዱ ፍጥነቱ አይነካም፤ የሚቀይረው ሙቀት ነው፣ በየዲግሪው በሰከንድ 0.6 ሜትር ያህል። የጠዋቱንና የቀትሩን ልዩነት በማስመሪያ መለየት ይከብድሻል፣ ቢሆንም ከቁጥርሽ አጠገብ የክፍሉን ሙቀት ጻፊ።